ፖርቶ፣ ሞናኮ እና የደርሶ መልስ ሒሳብ፦ የ2003/04 ቻምፒየንስ ሊግ እንደገና ሲታይ

ስለ 2003/04 የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው አንድ ዓይነት ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ትልልቆቹ ክለቦች ተዘናጉ፣ ትንንሾቹ ዕድል ቀናቸው፣ ፖርቶና ሞናኮም ማንም ሳይጠብቃቸው ለፍጻሜ ደረሱ ይባላል። ይህ አተራረክ ለእኔ አይዋጥልኝም። የዚያን ዓመት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ከነደቂቃቸውና ከነድምር ውጤታቸው አንድ በአንድ መልሶ ለሚመለከት ሰው፣ ከዕድል ይልቅ ሁለት ነገሮች ገዝፈው ይታያሉ፤ አንደኛው የውድድሩ አሠራር በዚያው ዓመት መለወጡ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሜዳ ውጪ የሚቆጠር ጎል የሚያመጣው ሒሳብ ነው። ለፍጻሜ ከደረሱት ሁለት ክለቦች አንደኛው በዚህ ሒሳብ ነው የኖረው፤ ሌላኛው ግን አንድም ጊዜ አላስፈለገውም። ዓመታቱንና ወራቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ውድድሩ የተካሄደው በ1996 ዓ.ም. ነበር።

በመጀመሪያ አሠራሩን እናንሳ። ከ1999/2000 እስከ 2002/03 በነበሩት አራት የውድድር ዘመናት ክለቦች ሁለት የምድብ ዙሮችን ማለፍ ነበረባቸው። የመጀመሪያውን ምድብ ያለፉት 16 ክለቦች እንደገና በአራት ምድብ ተደልድለው ሌላ ስድስት ስድስት ጨዋታ ያደርጉ ስለነበር፣ ለፍጻሜ የሚደርስ ክለብ ከመጀመሪያው ምድብ ጀምሮ 17 ጨዋታ ይጠብቀው ነበር። ስድስት ጨዋታ ባለበት ምድብ አንድ መጥፎ ምሽት ያሳለፈ ትልቅ ክለብ በቀሪዎቹ አምስት ጨዋታዎች ራሱን ያቃናል፤ የተጫዋች ብዛትና ጥራት ያለው ሁሉ መጨረሻ ላይ ከላይ ይገኛል። በ2003/04 ግን ሁለተኛው የምድብ ዙር ቀረና 16ቱ ክለቦች በቀጥታ ወደ ደርሶ መልስ ጥሎ ማለፍ ገቡ። የጨዋታው ብዛት ወደ 13 ወረደ፤ ለስህተት የሚተርፈው ቦታም በዚያው ልክ ጠበበ። በአንድ ምሽት ሦስት ጎል የተቆጠረበት ክለብ ከዚህ በኋላ የሚያቃናበት ጊዜ አልነበረውም።

በምድብ ጨዋታዎቹ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም፤ ሆኖም ሦስት ነገሮች ለኋላው ታሪክ ያስፈልጋሉ። ፖርቶ ከሪያል ማድሪድ፣ ከማርሴይና ከፓርቲዛን ጋር ተመድቦ በሜዳው በማድሪድ 3 ለ 1 ከተሸነፈ በኋላ ተስተካክሎ ሁለተኛ ሆኖ አለፈ። አርሰናል በሃይበሪ በኢንተር ሚላን 3 ለ 0 ተረትቶ፣ ከሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብ ብቻ ይዞ ሳለ፣ በኖቬምበር ወር ሚላን ድረስ ሄዶ ያንኑ ኢንተርን 5 ለ 1 አሸነፈና ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ሞናኮ ደግሞ በኖቬምበር 5 ቀን የስፔኑን ዲፖርቲቮ ላኮሩኛን 8 ለ 3 ደበደበው። በዚያ ምሽት ክሮኤሺያዊው አጥቂ ዳዶ ፕርሾ አራት ጎል ያስቆጠረ ሲሆን ቀኑም 29ኛ ዓመት የልደት በዓሉ ነበር። ያ ሞናኮ ከጥቂት ወራት በፊት በዕዳ ምክንያት በፈረንሳይ የክለቦች የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን እንዲወርድ ተወስኖበት በይግባኝ የተረፈ ክለብ እንደነበር ሳስታውስ፣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ጥሎ ማለፉ እንግባ። ለወጣት አንባቢዎች አንድ ነገር ላስታውስ፤ በዚያን ዘመን ሁለቱ ክለቦች በደርሶ መልስ ድምር ውጤት እኩል ከሆኑ፣ በተጋጣሚው ሜዳ ብዙ ጎል ያስቆጠረው ያልፍ ነበር። ይህም እኩል ከሆነ ነው ወደ ጭማሪ ሰዓት የሚሄደው።

ፖርቶና ማንችስተር ዩናይትድ የተገናኙት በፌብሯሪ 25 ቀን፣ ከጥቂት ወራት በፊት በተመረቀው በፖርቶ አዲሱ ስታዲየም በድራጋዎ ነበር። ኩዊንተን ፎርቹን ለዩናይትድ ቀድሞ አስቆጠረ፤ ቤኒ ማካርቲ በሁለት ጎል መለሰ። ሁለቱም ደቡብ አፍሪካውያን ስለሆኑ የዚያን ምሽት ሦስቱንም ጎሎች ያስቆጠሩት የአንድ የአፍሪካ አገር ልጆች ናቸው፤ ይህ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር ለምን እንደማይጠቀስ አይገባኝም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የዩናይትድ አምበል ሮይ ኪን የፖርቶን ግብ ጠባቂ ቪቶር ባያን በወደቀበት ረግጦ በቀይ ካርድ ወጣ፤ የመልሱ ጨዋታም አመለጠው። ውጤቱ 2 ለ 1 ቢሆንም ዩናይትድ ከሜዳው ውጪ ያስቆጠራት ጎል ስላለችው በሜዳው በኦልድትራፎርድ 1 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃው ነበር።

ማርች 9 ቀንም እንዲሁ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፖል ስኮልስ በ32ኛው ደቂቃ በጭንቅላቱ አስቆጠረና ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚያልፈው ዩናይትድ ሆነ። ከእረፍት በፊት ስኮልስ ሁለተኛ ጎል አስገብቶ የመስመር ዳኛው ከጨዋታ ውጪ ነው ብሎ ሰረዘበት፤ ተደጋግሞ በታየው ምስል ግን ከጨዋታ ውጪ አልነበረም። 90ኛው ደቂቃ ላይ ፖርቶ ቅጣት ምት አገኘ፤ ማካርቲ መታ፣ ግብ ጠባቂው ቲም ሃዋርድ አጥብቆ መያዝ አቅቶት መለሰው፣ ኮስቲንሃም ደርሶ አስገባት። ጥቁር ካፖርት የለበሰ አንድ ሰው ከተቀያሪዎች ወንበር ተነስቶ በሜዳው ጠርዝ እየዘለለ ጎል ወደተገባበት ጥግ ሮጠ። የፖርቶን አሰልጣኝ ጆዜ ሞሪንሆን ዓለም ያወቀው በዚያች ሩጫ ነው። በእኛ አገር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለነበር ብዙው የዩናይትድ ደጋፊ 1 ለ 0 ሆኖ አልቋል ብሎ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ የሆነውን በማግስቱ በአርሰናል ደጋፊ አፍ ነው የሰማው።

ዩናይትድን የበላው የመስመር ዳኛው ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልሞተም። ዳኛው መሳሳቱን እኔም አልክድም። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። የስኮልስ ሁለተኛ ጎል ጸድቃ፣ የኮስቲንሃም ጎል እንደተባለው ብትቆጠር ኖሮ፣ ውጤቱ 2 ለ 1 በዩናይትድ አሸናፊነት ያልቃል፤ ድምሩ 3 ለ 3 ይሆናል፤ ከሜዳ ውጪ የተቆጠረውም አንድ ለአንድ ነው። ስለዚህ ያች ጎል ብትጸድቅ ዩናይትድን በቀጥታ አታሳልፈውም ነበር፤ የምታስገኝለት 30 ደቂቃ ጭማሪ ሰዓት ነው። እርግጥ ነው፣ 2 ለ 0 የሚመራ ቡድን አጨዋወቱ ይለያል፣ የተመራውም እንዲሁ፤ ያንን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ቢሆንም አንዲት ባንዲራ ዋንጫውን ለፖርቶ ሰጠች ማለት የደርሶ መልስን አሠራር መዘንጋት ነው። ኪን በፖርቶ የፈጸመው ጥፋት ከመስመር ዳኛው ስህተት ባልተናነሰ ዩናይትድን ጎድቶታል ብዬ አምናለሁ፤ ያለ አምበሉ የተጫወተው ዩናይትድ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ኳስ ይዞ ጨዋታውን ማብረድ ሲያቅተው ታይቷልና።

በዚያው ዙር፣ ብዙ ሳይወራለት፣ ሞናኮም በቀጭን ክር ላይ ነበር። ሞስኮ ሄዶ በሎኮሞቲቭ 2 ለ 0 ሲመራ ፈርናንዶ ሞሪየንቴስ አንድ ጎል መለሰለት። በመልሱ ፕርሾ ያስቆጠራት አንዲት ጎል ድምሩን 2 ለ 2 አደረገችው፤ የሞሪየንቴስ የሞስኮ ጎልም አሳለፈችው። ያች ጎል ባትኖር በኋላ የምናወራው የሞናኮ ታሪክ በሙሉ አይኖርም።

ወደ ሩብ ፍጻሜ ስንመጣ የዓመቱ ልብ የሆኑት ሁለት ምሽቶች ይመጣሉ፤ ኤፕሪል 6 እና ኤፕሪል 7 ቀን 2004። ከመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች በኋላ የነበረው ሥዕል ይህን ይመስል ነበር። ሪያል ማድሪድ ሞናኮን 4 ለ 2፣ ኤሲ ሚላን ዲፖርቲቮን 4 ለ 1፣ ፖርቶ ሊዮንን 2 ለ 0 አሸንፈዋል፤ አርሰናል ደግሞ ቼልሲ ሜዳ ላይ 1 ለ 1 ወጥቷል። በዚያን ሳምንት ማድሪድ፣ ሚላንና አርሰናል ለግማሽ ፍጻሜ አይደርሱም ብሎ ቢከራከር ጤንነቱ የሚያጠራጥር ሰው ተብሎ ይቆጠር ነበር።

የማድሪድና የሞናኮ ጨዋታ ያለ ሞሪየንቴስ አይተረክም። ሞሪየንቴስ የማድሪድ ንብረት ነበር። ሮናልዶ ከመጣ በኋላ ቦታ ስላጣ ክለቡ ደመወዙን በከፊል እየከፈለ ለሞናኮ በውሰት ሰጠው። በውሰት የሰጡትን ተጫዋች በራሳቸው ላይ እንዳይሰለፍ ሳያግዱት፣ ዕጣው ሁለቱን ክለቦች አገናኘ። በቤርናቤው ሞናኮ ስኪላቺ ባስቆጠራት ጎል ለእረፍት 1 ለ 0 እየመራ ወጥቶ፣ ከእረፍት መልስ ኤልጌራ፣ ዚዳን፣ ፊጎና ሮናልዶ ተፈራርቀው አራት አገቡበት። በ83ኛው ደቂቃ ሞሪየንቴስ ተነስቶ በጭንቅላቱ 4 ለ 2 ሲያደርገው የማድሪድ ተመልካች ለቀድሞ ልጁ አጨበጨበ። ማንም የማድሪድ ደጋፊ በዚያች ደቂቃ ያች ጎል ምን ያህል እንደምትመዝን ያሰበ አይመስለኝም።

በመልሱ ጨዋታ ራውል በ36ኛው ደቂቃ አስቆጠረና ድምሩ 5 ለ 2 ሆነ። ሞናኮ ሦስት ጎል ያስፈልገዋል፤ ሌላ አንድም ጎል ሊገባበት አይገባም። የእረፍት ፊሽካ ሊነፋ ሲል ሞሪየንቴስ በጭንቅላቱ ያወረደለትን ኳስ ሉዶቪክ ጁሊ መሬት ሳትነካ መታት፤ 1 ለ 1። ከእረፍት እንደተመለሱ ፓትሪስ ኤቭራ ከግራ ያሻማትን ሞሪየንቴስ በጭንቅላት አገባ፤ 2 ለ 1። በ66ኛው ደቂቃ ሁጎ ኢባራ ከቀኝ የላካትን ጁሊ በተረከዙ ነካት፤ 3 ለ 1። ድምሩ 5 ለ 5፣ ከሜዳ ውጪ ሁለት ለአንድ፤ ሞናኮ አለፈ። ሞሪየንቴስ በሁለቱ ጨዋታ ሁለት ጎል አስቆጥሮ አንድ አመቻችቷል፤ ደመወዙን የሚጋራው ግን ማድሪድ ነው። በዚያ ክረምት ክላውድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጦ ዴቪድ ቤካምን የገዛው ማድሪድ በዚያ ምሽት የጎደለው አጥቂ አልነበረም፤ በመሃል ሜዳ ቆሞ የሚጠብቅለት ሰው አጣ። ያው ማድሪድ የስፔንን ሊግ የመጨረሻ አምስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸንፎ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ።

በዚያችው ምሽት፣ በዚያው ሰዓት፣ አርሰናልና ቼልሲ በሃይበሪ ይጫወቱ ነበር። ለአርሰናል ደጋፊ ይህ ቁስል ነው፤ በአገራችን ደግሞ የዚህ ቁስል ተካፋይ ብዙ ነው። አርሰናል በዚያ ዓመት በሊጉ 38 ጨዋታ አድርጎ አንድም ያልተሸነፈ ቡድን ነው፤ 26 አሸንፎ 12 አቻ ወጣ። ቼልሲንም በዚያው ዓመት በሊጉ ሁለት ጊዜ፣ በኤፍኤ ካፕ አንድ ጊዜ፣ ሦስቱንም 2 ለ 1 አሸንፎታል። ሆሴ አንቶኒዮ ሬየስ ከእረፍት በፊት አስቆጥሮ 1 ለ 0 ሲመራ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ከእረፍት በኋላ ግን ግብ ጠባቂው ሌማን የመለሳትን ኳስ ፍራንክ ላምፓርድ አገባት፤ በ87ኛው ደቂቃም የግራ መስመር ተከላካዩ ዌይን ብሪጅ ከጉድዮንሰን ጋር ተቀባብሎ ገብቶ ሁለተኛውን አስቆጠረ። ከሦስት ቀን በፊት አርሰናል በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ በማንችስተር ዩናይትድ 1 ለ 0 ተሸንፎ ነበር። ሁለት ዋንጫ በአንድ ሳምንት አመለጠው። በሦስተኛው ቀን በሊጉ ሊቨርፑልን 4 ለ 2 ሲያሸንፍ ሆንሪ ሦስቱን ባያስቆጥር ኖሮ ያለመሸነፉ ጉዞም እዚያው ያበቃ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት በቬንገር ዘመን አርሰናል የአውሮፓን ዋንጫ ለማንሳት ከዚያ የተሻለ ዕድል አግኝቶ አያውቅም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ፍጻሜ የደረሰው ቡድን እንኳ የዚያን ያህል ጠንካራ አልነበረም። ማድሪድና ሚላን ሲወድቁ እያየ በሜዳው መሸነፉ ነው የሚያንገበግበው።

በማግስቱ ምሽት በስፔን ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ በሪያሶር ስታዲየም፣ ዲፖርቲቮ የዋንጫውን ባለቤት ሚላንን ተቀበለ። በመጀመሪያው ጨዋታ የዲፖርቲቮው ፓንዲያኒ በሚላን ሜዳ በሳን ሲሮ ቀድሞ ቢያስቆጥርም ካካ ሁለት፣ ሼቭቼንኮና ፒርሎ አንድ አንድ አክለው በስምንት ደቂቃ ውስጥ 4 ለ 1 አደረጉት። ማልዲኒ፣ ኔስታና ካፉ በተሰለፉበት ቡድን ላይ ሦስት ጎል እናገባለን ብሎ ማሰብ ቀልድ ይመስል ነበር። አሰልጣኙ ሀቪዬር ኢሩሬታ ግን ካለፍን በእግሬ ወደ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ እሳለማለሁ ብሎ ተሳለ። ቁልቢን ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያሻም።

ፓንዲያኒ በ5ኛው ደቂቃ አገባ። ቫሌሮን፣ ያ ቀጭን አማካይ፣ በ35ኛው ደቂቃ በጭንቅላቱ አከለ። ሉኬ በ44ኛው ደቂቃ የኔስታን ስህተት ተጠቅሞ በግራ እግሩ ላከው። 3 ለ 0 ሲሆን ድምሩ 4 ለ 4 ነው፤ የፓንዲያኒ የሳን ሲሮ ጎል ስላለች ዲፖርቲቮ በእረፍት ሰዓት አላፊ ሆኖ ነው የገባው። ሚላን በሁለተኛው አጋማሽ አንድ ጎል ብቻ ይበቃው ነበር፤ አላገኛትም። ይልቁንም ተቀይሮ የገባው አንጋፋው ፍራን አራተኛውን ጨመረ። በቻምፒየንስ ሊግ ዘመን በመጀመሪያው ጨዋታ በሦስት ጎል ልዩነት ተሸንፎ ያለፈ ክለብ ከዚያ በፊት አልነበረም። ኢሩሬታም በኋላ ስለቱን በእግሩ ሄዶ ከፈለ። በዚያችው ምሽት ፖርቶ ሊዮን ላይ 2 ለ 2 ወጥቶ በድምሩ 4 ለ 2 አለፈ፤ ማኒሽ ሁለቱንም አስቆጠረ። ይህ ጨዋታ ሳይወራለት የቀረው ፖርቶ ምንም ስላላስጨነቀ ነው።

በግማሽ ፍጻሜው ሞናኮ ከቼልሲ ተገናኘ። የመጀመሪያው ጨዋታ የአሰልጣኝ ትምህርት ቤት ሊማርበት የሚገባ ነው። ፕርሾና ክሬስፖ አንድ አንድ አስቆጥረው 1 ለ 1 ሳለ፣ ከእረፍት በኋላ የሞናኮው አማካይ አኪስ ዚኮስ በቀይ ካርድ ወጣ። የቼልሲው አሰልጣኝ ክላውዲዮ ራኒየሪ ከሜዳ ውጪ አቻ መውጣት በቂ ውጤት መሆኑን ረስቶ ለማሸነፍ ተነሳ፤ የመስመር ተከላካዩን ሜልኪዮትን አስወጥቶ አጥቂውን ሀሰልባይንክን አስገባ፣ ቀጥሎም ፓርከርን በሁት ለወጠ፣ የቡድኑ ቅርጽም ፈረሰ። በአሥር ሰው የቀረው ሞናኮ በሞሪየንቴስ 2 ለ 1 መራ፤ ከረጅም ጉዳት የተመለሰው ኮንጎአዊው ሻባኒ ኖንዳ ተቀይሮ እንደገባ 3 ለ 1 አደረገው። በለንደን መልስ ቼልሲ በግሮንኪየርና በላምፓርድ 2 ለ 0 ሲመራ፣ የክሬስፖ ጎል ስላለች፣ የሚያልፈው እርሱ ነበር። ያ ሁኔታ የቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ እረፍት ሊሉ ሲሉ ኢባራ ከግቡ አፍ ላይ አገባት፤ እጁን ነክታለች የሚሉም አሉ። ሞሪየንቴስ በ60ኛው ደቂቃ 2 ለ 2 አደረገና ነገሩ ተዘጋ።

ፖርቶና ዲፖርቲቮ በተቃራኒው በ180 ደቂቃ አንድ ጎል ብቻ ነው ያዩት። በድራጋዎ 0 ለ 0 ያለቀው ጨዋታ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ፣ የቀድሞ የፖርቶ ተጫዋች የነበረው የዲፖርቲቮ ተከላካይ ጆርጅ አንድራዴ መሬት የወደቀውን ጓደኛውን፣ የፖርቶውን ዴኮን፣ ለቀልድ በእግሩ ነካ አደረገው። ጀርመናዊው ዳኛ ማርኩስ መርክ ቀልዱን አልወደዱትም፤ ቀይ ካርድ አወጡ። አንድራዴ በሌለበት የመልስ ጨዋታ ዴኮ በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ተጠልፎ ወደቀ፤ ከከባድ የጉልበት ጉዳት የተመለሰው ዴርሌይም ፍጹም ቅጣት ምቱን አገባ። ጨዋታው አሰልቺ ነበር ይባላል። እኔ ግን ሚላን ላይ አራት ጎል ያገባን ቡድን በራሱ ሜዳ ምንም እንዳያገባ ማድረግን እንደ ትልቅ ሥራ እቆጥረዋለሁ። ሪካርዶ ካርቫልሆና ጆርጅ ኮስታ ከኋላ፣ ኮስቲንሃ ከፊታቸው ሆነው ቫሌሮንን አላስተነፈሱትም።

እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ ያነሳሁት ሒሳብ የሚመጣው። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ጎልን ሕግ ከ2021/22 ጀምሮ ሰርዞታል። ሕጉ በ2004 ባይኖር ኖሮ ሞናኮ ከሎኮሞቲቭም፣ ከማድሪድም ጋር ጭማሪ ሰዓት ይጫወት ነበር፤ ዚዳንና ሮናልዶ 30 ደቂቃ ቢጨመርላቸው ምን እንደሚያደርጉ ለመገመት አልደፍርም። ፖርቶ ግን ዩናይትድን 3 ለ 2፣ ሊዮንን 4 ለ 2፣ ዲፖርቲቮን 1 ለ 0 አሸንፎ ነው ያለፈው። በየትኛውም ሕግ፣ በየትኛውም ዘመን፣ እነዚህ ውጤቶች ያሳልፋሉ። በአንድ ዓመት ልዩነት የዩኤፋ ካፕንና የቻምፒየንስ ሊግን ዋንጫ የወሰደ፣ በአገሩም ሊጉን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ቡድንን ባለዕድል ብሎ መጥራት ፍትሐዊ አይመስለኝም። ሕጉ መሰረዙን በተመለከተ ግን እኔ አሁንም ቅር ይለኛል፤ በ83ኛው ደቂቃ 4 ለ 1 እየተመራ አንድ ጎል ያስቆጠረ ቡድን ወደ ቤቱ ተስፋ ይዞ የሚመለስበት ምክንያት ያች ሕግ ነበረችና።

ፍጻሜው ሜይ 26 ቀን፣ በጀርመኗ የማዕድን ቁፋሮ ከተማ በጌልዘንኪርሽን፣ ከ53,000 በላይ ተመልካች በተገኘበት ተካሄደ። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የተሻለው ሞናኮ ነበር፤ ጁሊ ከተከላካዮቹ ጀርባ እየሮጠ ባያን ከግቡ አስወጥቶታል። በ23ኛው ደቂቃ ግን ጁሊ ተጎድቶ ወጣ፤ በምትኩ ፕርሾ ገባ። የሞናኮ ፍጥነት አብሮት ወጣ። በ39ኛው ደቂቃ የ19 ዓመቱ ብራዚላዊ ካርሎስ አልቤርቶ ተጋጭታ የተመለሰችለትን ኳስ አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ ሞሪንሆ ቡድኑን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርጎ መልሶ ማጥቃት መጠበቅ ጀመረ፤ ተቀይሮ የገባው ሩሲያዊ ዲሚትሪ አሌኒቼቭ በ71ኛው ደቂቃ ለዴኮ አመቻቸለት፣ በ75ኛው ራሱ ሦስተኛውን አገባ። አሌኒቼቭ ከዓመት በፊት በሴቪል ሴልቲክን 3 ለ 2 ባሸነፉበት የዩኤፋ ካፕ ፍጻሜም አስቆጥሮ ነበር። ከጨዋታው በኋላ ሞሪንሆ ሜዳሊያውን ከአንገቱ አውልቆ ከደስታው ዳር ሲቆም ታየ፤ ልቡ ቀድሞ ለንደን ደርሶ ነበር።

ሁለቱም ቡድኖች በዚያው ክረምት ተበተኑ። ሞሪንሆ የራኒየሪን ወንበር ተረክቦ ፓውሎ ፌሬይራንና ካርቫልሆን ይዞ ወደ ቼልሲ ሄደ። ዴኮና ጁሊ፣ በፍጻሜው የተፋለሙት፣ ባርሴሎና ላይ ተገናኝተው በ2006 ዋንጫውን አብረው አነሱ፤ ያሸነፉትም ያንኑ አርሰናልን ነው። በዘጠኝ ጎል የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ የነበረው ሞሪየንቴስ ወደ ማድሪድ ተመልሶ በጃኑዋሪ 2005 ለሊቨርፑል ተሸጠ፤ በዚያ ዓመት በቻምፒየንስ ሊጉ ለማድሪድ ስለተሰለፈ ሊቨርፑል በኢስታንቡል ዋንጫውን ሲወስድ መጫወት አልተፈቀደለትም። ፖርቶ በአንድ የውድድር ዘመን ከአንድ በላይ አሰልጣኝ ቀያይሮ የፖርቱጋልን ሊግ ለቤንፊካ አስረከበ። በአውሮፓው ዕጣ ደግሞ ከሞሪንሆ ቼልሲ ጋር በአንድ ምድብ ወደቀ። ለንደን ላይ 3 ለ 1 ተሸነፈ። በዲሴምበር በድራጋዎ ግን ለማለፍ ማሸነፍ የግድ ሆኖበት ሳለ፣ ጨዋታው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ቤኒ ማካርቲ በጭንቅላቱ አገባና 2 ለ 1 አሸንፎ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ።